የውሃ ተራ በዐረብ ፊደል

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የወረድኩት በአንድ ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ እንዳስተምር ተቀጥሬ ነው። መንገዱ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ጠዋት ሹራብ ለብሼ፣ በላዩ ነጠላ ደርቤ ሚኒባስ ገባሁ። ቁልቁለቱ ሲጋመስ ነጠላውን፣ ትንሽ ቆይቶ ሹራቡን አወለቅሁ። መናኸሪያ ስወርድ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ ጥላ ፍለጋ ጀመርኩ። ሻንጣዬን የጫነልኝ ባለባጃጅ አየት አደረገኝና «እህቴ፣ ከላይ ነሽ አይደል?» አለኝ። እዚህ «ከላይ» ማለት ደጋ ማለት እንደሆነ የተማርኩት ያኔ ነው።

ቤት ያገኘሁት ከከተማዋ ዳር፣ ወደ ሮቢ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር የጠፍር አልጋ ተዘርግቷል፤ አልጋው ላይ ደግሞ ከዐስር ሶላት በኋላ የማይታጡ የቤቱ ባለቤት አሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ ሽማግሌ ናቸው። ሽንኩርትና ማሾ ያመርታሉ። ሰው ይበልጥ የሚያውቃቸው ግን በውሃ አባትነታቸው ነው። ከወንዙ ተጠልፎ በሚመጣው ቦይ ሠላሳ ስምንት ገበሬዎች ያጠጣሉ፤ ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ውሃውን ወደ ማሳው እንደሚያስገባ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ወንዙ ሲቀንስ ተራው እንደገና ይሸነሸናል። ያን ሰሞን ግቢያችን በሰው ይሞላል። እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ የተማሪ ወረቀት አርማለሁ፤ እሳቸው ድምፃቸውን ሳያነሱ ባለጉዳዩን አንድ በአንድ አስረድተው ይሸኛሉ።

እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፤ ባለቤታቸውን ደግሞ እትዬ። እነሱም ከገባሁ በሁለተኛው ሳምንት «ልጄ» ማለት ጀምረው ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከአልጋው ሥር ደብተር ወድቆ አገኘሁ። ተገልጦ ነበር፤ ገጹ ከዳር እስከ ዳር በዐረብ ፊደል ተሞልቷል። ደነገጥኩ። የሃይማኖት መጽሐፍ መሬት ላይ ወድቆ ማየት፣ የራስ ሃይማኖት ባይሆንም፣ ያስደነግጣል። ቧንቧው ጋ ሄጄ እጄን ታጠብኩና በሁለት እጄ አንስቼ አልጋው ላይ ሳስቀምጠው ጋሼ ከቤት ወጡ።

«እጅሽን ምን ነካው? ይንጠባጠባል እኮ» አሉኝ።

«ቁርዓኑ ወድቆ ነበር ጋሼ፤ ሳልታጠብ እንዳልነካው ብዬ ነው።»

ደብተሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ልጄ፣ ሽንኩርት ነው! የሽንኩርት ውሃ ተራ ነው! ቁርዓንማ እንዲህ አይጣልም።» ከዚያ ወደ ጓዳው «ኧረ ነይ ስሚ!» ብለው እትዬን ጠሩ። እትዬ መጥተው ሲሰሙ ከሳቸው ባሱ። ለሳምንት ያህል ቧንቧው ጋ ባዩኝ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ የማሾውን ልታነሺ ነው?» ይሉኝ ነበር።

ነገሩን ከሳቁ በኋላ አስረዱኝ። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ፊደሉ ብቻ የዐረብ ነው። አባታቸውም አያታቸውም እንዲሁ ይጽፉ ነበር፤ መንዙማውን፣ ደብዳቤውን፣ የጋብቻ ውሉን ሁሉ። አጀሚ ይሉታል። ከደብተሩ ጥቂት መስመር ሲያነቡልኝ ውስጡ የሰፈራችን ሰዎች ስም ነው፤ «ማክሰኞ፣ ከንጋት እስከ ረፋድ» የሚል ጥርት ያለ አማርኛ። በዐይኔ የማላውቀውን ነገር በጆሮዬ ሳውቀው ገረመኝ።

ችግር የመጣው በእጃቸው ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ተራው በተቀየረ ቁጥር ሠላሳ ስምንት መስመር እንደገና መጻፍ ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፔን ታቅፌ ማንጎው ሥር ስቀመጥ በመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣

«ይሄ ማሽንሽ ተራ ያወጣል?» አሉኝ።

«ሕጉን ከነገሩኝ ያወጣል።»

ሕጉን ነገሩኝ። ተራው ከቦዩ ራስ ጀምሮ ወደታች ይወርዳል። ሰዓቱ በማሳው ስፋት ይለካል። አርብ የጁምዓ ሰዓት ለክርስቲያኖቹ ይሰጣል፤ እሁድ የቅዳሴ ሰዓት ደግሞ ለሙስሊሞቹ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ተራው አይዘለልም፤ ጎረቤት ያጠጣለታል። ይህን ሁሉ በወረቀት ይዤ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩት። ፕሮግራሙ ስም ይጠይቃል፣ ስንት ጥማድ እንደሆነ ይጠይቃል፣ እኔ በኪቦርድ እመልሳለሁ፤ ሲያልቅ የሳምንቱን ተራ ስክሪኑ ላይ ዘርዝሮ ያወጣል። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ኮራሁበት።

ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ማሻአላህ» አሉ። «ማሻአላህ፣ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ።» በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አልጋው ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው፣ ያንኑ ተራ በደብተራቸው ሲጽፉ አየኋቸው።

ቅር አለኝ። ምኑ እንዳልጣማቸው ለመጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። እትዬ ልብስ እያሰጡ ነበር፤ ፊቴን አይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«አትቀየሚ ልጄ። እሳቸው ጠልተው አይደለም» አሉኝ ዝግ ብለው። «አይነበብላቸውም። የአማርኛውን ፊደል አያውቁም።»

«እንዴ፣ ሁልጊዜ ያነባሉ እኮ!»

«የሚያነቡት የዐረቡን ነው። ቀበሌ ወረቀት ሲመጣ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ለሰው መንገር አይወዱም።»

ከእኔ ይልቅ ብዙ ሲያነቡ ለማያቸው ሰው የማይነበብላቸውን ነገር ዘርግቼ ምስጋና ስጠብቅ ነበር።

በዚያ ሳምንት ለተማሪዎቼ የማስተምረው ስለ ፕሮግራም መግቢያና መውጫ ነበር። ፕሮግራም «ጻፍ» ሲባል ስክሪን የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ቃሉን የሚያፈስበትን መውጫ ብቻ ነው። መውጫው ዝም ሲባል ወደ ስክሪን ይሄዳል። ወደ ፋይል ካዞርነው ያው ቃል ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ከፕሮግራሙ አንድ መስመር እንኳን አይነካም። መግቢያውም እንዲሁ ነው፤ ከኪቦርድ የሚጠብቀውን መልስ ከፋይል እንዲቀዳ ማድረግ ይቻላል። ይህን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ሳበቃ ከኋላ ወንበር አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ስክሪን እያለ ለምንድን ነው የምናዞረው?»

«ወደፊት ታዩታላችሁ» አልኳት። መልስ እንዳልሆነ እሷም እኔም አወቅን። የአየር ማራገቢያው ከላያችን ይሽከረከራል፤ ግማሹ ክፍል እንቅልፍ ይዞታል።

መልሱ የመጣልኝ ቤት ስሄድ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው። የጻፍኩት ፕሮግራም ትክክል ነው፤ አይነካም። መውጫውን ግን ወደ ስክሪን ከመልቀቅ በመካከል አንድ ነገር ልተክል እችላለሁ፤ የሚመጣለትን አማርኛ እየተቀበለ፣ ፊደሉን እየለወጠ በዐረብ ፊደል ፋይል ላይ የሚያሰፍር። ባጃጇ ከግቢያችን በር አልፋ ሄደች፤ «ወራጅ» ማለት ረስቼ ነበር።

እትዬ እንደነገሩኝ ለጋሼ አላሳወቅኋቸውም። «ጋሼ፣ አጀሚ ሊያስተምሩኝ ይችላሉ?» ብቻ ነው ያልኳቸው።

«ለምን?»

«ማሽኑ በሱ እንዲጽፍ።»

ደብተራቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ይሄን ልጆቼ እንኳን አልጠየቁኝም» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዙረው ሻይ እንዲመጣ አዘዙ። ትምህርቱ እንደተጀመረ በዚያ ገባኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል፣ ከዐስር ሶላት እስከ ማምሻው መግሪብ ማንጎው ሥር ተማሪ ሆንኩ። በዐረብኛ የሌለውን ድምፅ አባቶቻቸው እንዴት እንደጻፉት አሳዩኝ፤ የቅርቡን ፊደል ወስደው ነጥብ ይጨምሩበታል። ለጨ እንዲህ፣ ለኘ እንዲህ፣ ለገ እንዲህ እያሉ በእንጨት መሬት ላይ ይጽፉልኛል፤ እኔ ወደ ላፕቶፑ እገለብጣለሁ። የእኛ ሰባቱ አናባቢ ለሦስቱ የዐረብ ምልክት ሲበዛባቸው ተጨነቅሁ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ማን ይለያቸዋል?»

«አንባቢው ነዋ! አንባቢ ደንቆሮ ነው እንዴ?»

በየመሀሉ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ልነግራቸው ሞከርኩ። ፕሮግራሙ የሚናገረው ያው ነው፣ የሚሄድበትን ነው የምለውጠው ስላቸው እጃቸውን አነሱ። «ቦዩን እንጂ ወንዙን አትነኪም፤ ገብቶኛል፤ ወደ ፊደሉ እንመለስ» አሉኝ። ለተማሪዎቼ ሁለት ክፍለ ጊዜ የፈጀሁበትን ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሙቀቱ ቅጠል አያነቃንቅም። ጋሼ በግራዬ፣ እትዬ በቀኜ ተቀመጡ። ፕሮግራሙን አስነሳሁ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። ምንም የለም።

«ሞቆት ነው» አሉ ጋሼ። ከራሳቸው ኮፍያ በቀር ምንም አልያዙም ነበር፤ እሱን አውልቀው ላፕቶፑን ማራገብ ጀመሩ። ያለ ኮፍያ ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬም መሐረባቸውን ይዘው ተጨመሩ። እኔ ኮዱን በልቤ ከላይ እስከ ታች ሳነብ ቆየሁና ድንገት ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ሆነ?»

«አልሞቀውም ጋሼ። እየጠየቀኝ ነው። ስም ማን ነው ብሎ ጠይቆኛል፤ ጥያቄውንም አብሬ ስላዞርኩት ፋይሉ ውስጥ ገባ እንጂ ስክሪኑ ላይ አልወጣም። እሱ መልስ ይጠብቃል፣ እኔ ጥያቄ እጠብቃለሁ።»

«እንደ ባልና ሚስት» አሉ እትዬ፣ መሐረባቸውን እያጠፉ።

ከዚያ መግቢያውንም ለማዞር ወሰንኩ። የሠላሳ ስምንቱን ሰው ስምና የማሳ ስፋት በቦዩ ቅደም ተከተል አንድ ፋይል ውስጥ አሰፈርኩ፤ ፕሮግራሙ ከኪቦርድ ይጠይቅ የነበረውን ሁሉ ከዚያ እንዲያነብ አደረግሁ። አሁን አንድ ቁልፍ ስነካ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩና ወረቀቱን እንደ ውጤት ካርድ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ከቀኝ ጀምረው አነበቡ፤ እኔ ከንፈራቸውን አያለሁ።

«ስም ማን ነው?» ብለው አነበቡ። ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት ጥማድ ነው? ስም ማን ነው? ስንት ጥማድ ነው? ... ልጄ፣ ይሄ ማሽን እኔን ነው እንዴ የሚጠይቀው?»

ሠላሳ ስምንት ጊዜ ጠይቋቸው፣ ተራው የተዘረዘረው ከዚያ ሁሉ ጥያቄ በታች ነው። ከመካከሉ አንድ ቦታ ደግሞ «ይህ መስመር አልገባኝም» የሚል ማስጠንቀቂያ በአጀሚ ቁጭ ብሏል። ጋሼ እሱን ሦስት ጊዜ ደጋግመው አነበቡት። «ወላሂ፣ ሳይገባው አልገባኝም የሚል ሹም አይቼ አላውቅም» አሉ።

አንድ ፕሮግራም ለስህተቱ የሚሆን ሌላ የተለየ መውጫ አለው። ያልገባውን መስመር አርሜ፣ ጥያቄዎቹንና ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ በዚያ በኩል ለቀቅሁና እሱን ደግሞ ለብቻው ወደ አንድ ፋይል አዞርኩት። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የተጣራ ተራ ብቻ ሆነ። ያንን ሌላ ፋይል ከፍቼ ማየት እንዳለብኝ አስቤ ነበር። አስቤ ብቻ ቀረሁ።

በመጀመሪያው ዙር ጋሼ ወረቀቱን ቦዩ ራስ ወስደው አነበቡት፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም። ደብተራቸው ሳጥን ውስጥ ገባ። ተራውን ጠርተው ሲመለሱ ወረቀቱን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ለእንግዳ ሲያሳዩ እሰማለሁ፤ «እቺ ልጃችን የሠራችው» ይላሉ። እኔ ከክፍሌ ሆኜ የማልሰማ እመስላለሁ።

በአራተኛው ዙር ሰሞን ቦዩ ዳር ካለው ትልቅ ዋርካ በታች ማሳ ያላት አንዲት ሴት ወደ ግቢያችን መጣች። ባሏ ከሞተ ሁለት ወር አልሞላውም። ጥቁር ለብሳለች። ጋሼ አልነበሩም፤ እኔን ነው ያገኘችው።

«አንቺ ነሽ አሉ የምትጽፊው» አለችኝ። «ተራው በሱ ስም ነው ያለው። ሲጠራ ሰው ሁሉ ወደኔ ይዞራል። በኔ ስም ይሁንልኝ፣ እባክሽ።»

«አሁኑኑ» አልኳት። ስሟን ጽፋ ሰጠችኝ፤ እሷ እንደሄደች ፋይሉን ከፍቼ የባሏን መስመር አጥፍቼ የሷን ስም አስገባሁ። ምሳ ሰዓቴ እያለቀ ነበር። ከስሙ ጋር አጠገቡ ያለውን የማሳውን ስፋትም እንዳጠፋሁት አላየሁም።

ፕሮግራሙ ስፋት የሌለው መስመር ሲያገኝ፣ እኔው እንዳዘዝኩት፣ ማስጠንቀቂያ ይጽፍና ያልፈዋል። ጽፎ አለፈው። ማስጠንቀቂያው እኔ ባዞርኩት መንገድ ሄዶ ማንም የማይከፍተው ፋይል ውስጥ ገባ። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ተራው የሚነበበው ቅዳሜ ጠዋት፣ ውሃው ከወንዙ በሚጠለፍበት ቦታ ነው። ያን ቀን ጋሼ «ነይና ሥራሽን እዪ» ብለውኝ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ወንዶቹ አካፋና ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ዱዓ አደረጉና ወረቀቱን ዘርግተው ማንበብ ጀመሩ። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፤ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም።

መሀል ላይ ቆሙ። ወደኋላ ተመልሰው አንድ መስመር ደገሙና እንደገና ቆሙ።

«ከዋርካው በታች ማን ነው ያለው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ መሬት መሬት ታያለች። የተገረመች አትመስልም። ልቤን የመታው ይሄ አለመገረሟ ነው። ስሟ ሳይጠራ ሲታለፍ ቀድማ የሰማች፣ ሰምታም ዝም ያለች እሷ ነበረች።

ጋሼ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው፣ ቀስ እያሉ፣ በሁለት መስመር መካከል ስሟን ጻፉ። ሠላሳ ሰባት ሰው ጽፈው እስኪጨርሱ ጠበቃቸው። ከዚያ ስሟን ጮክ ብለው ጠሩት፤ የአባቷንም ጨመሩበት። «ሐሙስ፣ ከረፋድ እስከ ቀትር። ከሷ በኋላ ያላችሁ ሦስት ሦስት ሰዓት ትገፋላችሁ። ቅር ያለው አለ?»

ቅር ያለው አልነበረም።

ሰው ሲበተን ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። «ስምሽን ሳስገባ የማሳሽን ስፋት አጠፋሁት። ጋሼ አያውቁም፤ ማንም አላወቀም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔ እኮ» አለች፣ «ባሌ ሲሞት ውሃውም አብሮ ሄደ ብዬ ነበር።» ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ፤ እኔን ልታጽናና ማለት ነው። «በይ ተይው። ተጠርቷል አይደል?»

ቤት እንደደረስን ላፕቶፑን አወጣሁና ያንን ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። ከጥያቄዎቹ መካከል ማስጠንቀቂያው አለ፤ በግልጽ አማርኛ «የዚህ ሰው የማሳ ስፋት የለም፤ አልፌዋለሁ» ይላል። ለጋሼ አነበብኩላቸው።

«ነግሮሻል እንግዲህ» አሉ ጋሼ።

«ነግሮኛል። እኔ ነኝ ማንም የማይሰማበት ቦታ የላክሁት። ወረቀቱ ንጹሕ እንዲሆንልኝ ብዬ።»

«እኔ ጋ ቅሬታ ያልመጣበት ቀን ካለ የምፈራው ያን ቀን ነው» አሉ። «ሰው ሁሉ ረክቶ አይደለም፤ በሩን የዘጋ አለ ማለት ነው። ቅሬታውን እኔ ጋ አምጪው፣ ልጄ። ከተራውም በፊት ይቅደም።»

ኮዱን በዚያው ከሰዓት አስተካከልኩት። ስህተት የሚወጣበት መውጫ አሁን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይጽፋል፤ ለእኔ ስክሪኑ ላይ በአማርኛ ፊደል፣ ለጋሼ ከወረቀቱ አናት ላይ በአጀሚ። ጥያቄዎቹን ደግሞ ለብቻቸው አስቀረኋቸው። ከዚያ በኋላ ጋሼ ወረቀቱን ሲቀበሉኝ መጀመሪያ የሚያዩት አናቱን ነው። ባዶ ሲሆን «አልሐምዱሊላህ» ይሉና ከዚያ በኋላም ቢሆን አያምኑም፤ ሠላሳ ስምንቱን ስም በጣታቸው ይቆጥራሉ።

ክፍል ውስጥም ይህንኑ ተናገርኩ፣ ስህተቴን ሳልደብቅ። ወረቀቶቹን ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። ያቺ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ተማሪ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። «አያቴ በዚህ ነበር የምትጽፈው» አለች። «እኛ ዐረብኛ መስሎን ሙሉ ሳጥን አስቀምጠናል።» በቀጣዩ ሳምንት የቤት ሥራውን ያለ እንከን ሠርታ ያመጣች እሷ ናት፤ መውጫውን አዙራ፣ ስህተቱን ለይታ፣ ሁለቱንም መልሳ ወደ ቦታቸው አስገብታ።

ሴትዮዋ በዚያ ዙር ያጠጣችው ሽንኩርት ደህና ያዘ። ነቀላው ሲደርስ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አሸክማ ግቢያችን አራገፈችውና ለማን እንደሆነ ሳትናገር ሄደች። እትዬ ለሦስት ከፈሉት፤ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ደብረ ሲና ላለችው እናቴ።

ባለፈው ወር ደግሞ ከሌላኛው ቦይ አንድ ሌላ ሽማግሌ መጡ። እሳቸውም የውሃ አባት ናቸው፤ እሳቸውም የሚጽፉት በአጀሚ ነው። ወሬውን ሰምተው «ለእኛም ይደረግልን» ሊሉ ነው። ማንጎው ሥር ተቀመጡና ጋሼ ወረቀቱን አሳዩዋቸው። እንግዳው እያነበቡ፣ እያደነቁ መጡና አንድ ፊደል ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተኮማተረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨ ነዋ» አሉ ጋሼ።

«ይሄ ጨ አይደለም። ጨ ነጥቡ ከታች ነው።»

«ከላይ ነው!»

«አባቴ፣ አላህ ይማራቸው፣ ስልሳ ዓመት ሲጽፉ ከታች ነበር።»

«የኔም አባት ጽፈዋል!»

እትዬ ሁለት ብርጭቆ ሻይና አንድ ሰሐን የተቆረጠ ፓፓያ አምጥተው በመካከላቸው አስቀመጡ፤ ወደኔ ዞረው በዐይናቸው ጠቀሱኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንጨት አንስተው መሬቱ ላይ እየጻፉ፣ እያጠፉ፣ እየጻፉ ይከራከራሉ። እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ይዤ እጠብቃለሁ። ለእኔ ሁለት መስመር ለውጥ ነው፤ ለአንዱ ቦይ ከላይ፣ ለሌላው ከታች ማድረግ ይቻላል። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር። ፓፓያው ጣፋጭ ነው። አንድ ቁራሽ አነሳሁና መሬቱ ላይ የሚጻፈውን ማየት ቀጠልኩ።